የጃቫው ልዑልና የጥላው ቴአትር፤ ስለ ማንግኩነጋራ ሰባተኛ ትርጓሜ አጭር ሂስ

በቅኝ ግዛት ዘመን ሥልጣናቸውን የተነጠቁ ገዥዎች ብዙዎች ናቸው፤ የቀረላቸውን ክብር በምን ላይ እንዳዋሉት ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በመካከለኛው ጃቫ፣ በሱራካርታ ከተማ፣ ከ1916 እስከ 1944 ዓ.ም. የገዙትን የማንግኩነጋራ ሰባተኛን ሥራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በተለይም በ1932 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በአንድ የባህልና የፍልስፍና ጥናት ማኅበር ፊት፣ ወያንግ ስለሚባለው የጥላ ቴአትር በሆላንድ ቋንቋ ያሰሙትን ንግግር እንመለከታለን። ንግግሩ በኋላ ታትሞ በ1957 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል።

አስቀድሞ የልዑሉን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የማንግኩነጋራ ቤት በ1757 ዓ.ም. በሳላቲጋ ውል የተቋቋመ ትንሽ መስፍንነት ነበር። በእርሳቸው ዘመን ቤተ መንግሥቱ፣ ማዕረጉና ሥርዐቱ በቦታቸው ነበሩ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን በሆላንድ መንግሥት እጅ ነበር። ልዑሉ ወደ ሆላንድ ሄደው በሌይደን የተማሩ፣ ከመንገሣቸውም በፊት ቡዲ ኡቶሞ የተባለውን የጃቫ ሰዎች ማኅበር የመሩ ናቸው። ስለዚህ የአባቶቻቸውን ጥበብ መያዛቸው አዲሱን ዓለም ካለማወቅ የመጣ አይደለም።

ወያንግ ከጎሽ ቆዳ በተቀረጹ ምስሎች የሚሠራ ነው። ዳላንግ የሚባለው አንድ ሰው ከመጋረጃው ሥር ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ፣ እስኪነጋ ድረስ፣ ምስሎቹን ያንቀሳቅሳል፤ ለሁሉም በየድምፃቸው ይናገራል፤ ጋሜላን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያዎች ጓድም ይመራል። ታሪኮቹ በብዛት ከማሃባራታና ከራማያና የተወሰዱ ናቸው። የልዑሉ ዋና ሐሳብ እነዚህ ታሪኮች ለጨዋታ ብቻ የሚነገሩ አይደሉም፤ ሰው ስሜቱን ገዝቶ በተመስጦ ወደ እውነተኛ ማንነቱ የሚደርስበትን የውስጥ መንገድ ያሳያሉ የሚል ነው። አርጁና በተራራ ላይ በተባሕትዎ ተቀምጦ፣ የሰማይ ቆነጃጅት ሲፈትኑት አልረታም ማለቱ ለዚህ ትርጓሜ የተመቸ ምሳሌ ነው።

በእኛ አነጋገር ልዑሉ ሰሙን ገልጠው ወርቁን አሳይተዋል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የቅኝ ገዥዎች ሊቃውንት የጃቫን ጥበብ ይሰበስቡና ይመድቡ ነበር፤ ባለቤቱ ተነሥቶ በእነርሱው ቋንቋ ይህ የአሳብ ሥርዐት ነው፣ ትርጓሜውም ከእኛ ዘንድ ይገኛል ብሎ መናገሩ ክብርን ማስመለስ ነበር።

ይሁን እንጂ በንግግሩ ላይ ሁለት ነቀፌታዎች አሉን። የመጀመሪያው፣ ወርቁ እጅግ ሲወደድ ሰሙ ይረሳል። ወደ እኩለ ሌሊት ሰማርና ልጆቹ ጋሬንግ፣ ፔትሩክና ባጎንግ ወጥተው ጌቶቻቸውን ያገለግላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የዕለቱንም ኑሮ ይነቅፋሉ። የመንደሩ ሰው እስኪነጋ የሚቀመጠው ለተመስጦው ብቻ ሳይሆን ለዚህም ሣቅ ነው፤ የትርጓሜው ክብደት ግን በመሳፍንቱ ጀግኖች ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ ይከብዳል። ግዙፋኑ ጠላቶች የሰው ስሜቶች ናቸው፣ ጦርነቱም በልብ ውስጥ ነው ከተባለ፣ በውጭ ስላለው ገዥ የሚነሣው ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። የሆላንድ ሹማምንት እንዲህ ያለውን ትምህርት ያለ ሥጋት ሊያደምጡት ይችሉ ነበር።

ነገር ግን ልዑሉን በንግግራቸው ብቻ መፍረድ አይገባም። በ1933 ዓ.ም. የሶሎ የራዲዮ ማኅበር በእርሳቸው ድጋፍ ተቋቋመ፤ የተመሠረተውም በ1918 ዓ.ም. በእርሳቸው ዘመን በተሠራው በሳሳና ሱካ አዳራሽ ነው። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ያቆሙት ይህ ጣቢያ ጋሜላንን ያሰማ ነበር። የራዲዮ መሣሪያ የነበራቸው ጥቂቶች ቢሆኑም፣ በቤተ መንግሥት አዳራሽ ለተጋበዘ ብቻ ይሰማ የነበረው ዜማ ከግቢው አጥር ወጣ። በ1937 ዓ.ም. የሆላንድ አልጋ ወራሽ ዩሊያና ሲያገቡ፣ የልዑሉ ልጅ ጉስቲ ኑሩል በ15 ዓመቷ በሆላንድ አገር ስትጨፍር፣ ጋሜላኑ የሚመታው በሱራካርታ ነበር፤ ድምፁም በራዲዮ ባሕር ተሻግሮ ደረሰ። ይህ ለገዥው ቤት የቀረበ ገጸ በረከት ነው የሚል ሰው አይሳሳትም። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን፤ መሣሪያው ከስፍራው ሳይነሣ ገዥዎቹ የሩቁን አገር ምት አድምጠዋል።

በ1946 ዓ.ም. ከነጻነት በኋላ በተነሣው ብጥብጥ የማንግኩነጋራ ቤት የአስተዳደር ሥልጣን ቀረ። ጥበቡ ግን አልቀረም፤ በ1950 ዓ.ም. በሱራካርታ የጋሜላን ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ወያንግም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ታወጀ።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ማንግኩነጋራ ሰባተኛ የወያንግን ወርቅ በንግግራቸው ለሊቃውንት አስረዱ፤ ሙሉውን ጥበብ ከሰሙ ጋራ ያቆየው ግን ለብዙዎች ጆሮ የከፈቱት በር ነው። የቤተ መንግሥትን ጥበብ የምናጠና ተማሪዎች ሁሉ ትርጓሜው ምንድን ነው ከማለት ጋራ፣ ማን እንዲሰማው ተፈቀደለት ብለን መጠየቅ ይገባናል።