የምትንገዳገደው የቡሽ ዓሣ

ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ በፓይያነ ሐይቅ ላይ ጀልባውን ሲቀዝፍ አንድ ነገር ልብ አለ። አዳኞቹ ዓሦች ወደ ትናንሾቹ መንጋ ሲገቡ ያገኙትን ሁሉ አይውጡም፤ ከሌሎቹ ተለይታ እየተንገዳገደች የምትዋኘውን ነው የሚያሳድዱት። እ.ኤ.አ. በ1936 ይህችን የቆሰለች ዓሣ በእጁ ሊሠራት ተነሣ።

መሣሪያው የጫማ ሰፊ ቢላና የብርጭቆ ወረቀት ነበር። ገላዋን ከቡሽ ቀረጸ። እንድታብረቀርቅ በቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፈናት፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባት። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት የተነሣው ከዚያች ቡሽ ነው።

እንዲህ ያለ የዓሣ ማባበያ በቤቱ የሚሠራ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ለቀለሙ ነው። ልምድ ያለው ሠሪ ግን ቀለሙን ከማንሣቱ በፊት የሚጨነቀው ስለ አካሄዷ ነው። ክብደቱ ወደ ሆዷ ካልወረደ በጀርባዋ ትገለበጣለች። ከአገጯ ሥር የምትሰካው የፕላስቲክ ወይም የብረት ምላስ አጭርና ወደ ታች የቆመች ከሆነች፣ ዓሣዋ ከውኃው ገጽ ብዙ ሳትርቅ ትወዛወዛለች፤ ረዘም ብላ ወደ ፊት የተዘረጋች ከሆነች ግን ጠልቃ ትሄዳለች። መንጠቆዎቹን የሚይዘው ሽቦ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በገላዋ ውስጥ ቢያልፍ ይመረጣል፤ በቡሹ ወይም በእንጨቱ ላይ ብቻ የተሰካ ቀለበት ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው ይነቀላል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። በበርሜል ወይም በገንዳ ውኃ ውስጥ በክር ስትጎተት ወደ ግራ ካዘነበለች፣ ክሩ የሚታሰርበት የአፍንጫ ቀለበት በፒንሳ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይጣመማል። አንዳንዴ ከፀጉር የማይበልጥ እርማት ይበቃታል።

ለሆዷ ክብደት እርሳስ ማቅለጥን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ብረቱ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ መርዛማ ነው፣ ጠብታ ውኃ ከነካውም እየፈነዳ ይረጫል። በቤቱ ለሚሠራ ሰው በእርሳሱ ፈንታ ትንሽ የብረት ብሎን ትበቃዋለች።

ይህ ሙያ ለጣና እንግዳ መሆን የለበትም። በሐይቁ ከሚኖሩት 15 ያህል ትልልቅ የባርብ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ከሚያድኗቸው መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ትናንሽ ባርቦች ይገኙበታል፤ ይህም ለእንጨት ዓሣ የተመቸ ልክ ነው። ባሕር ዳር ያለ ወጣት ቡሽ፣ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ካገኘ ሊጀምር ይችላል።

ራፓላን የጠቀመው አተኩሮ ማየቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የጣናውም ሠሪ ዓሦቹ የት፣ መቼ እንደሚሄዱ ማወቅ አለበት። ብዙዎቹ ባርቦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ይቆያሉ። ያን ጊዜ እነሱን መያዝ ቀላል ነው፤ ጉዳቱ ግን በሚቀጥሉት ዓመታት ትውልድ ላይ ይወድቃል። እባካችሁ፣ በእነዚያ ወራት የእንጨቷ ዓሣ ከሣጥኗ አትውጣ።