የሚቀደድ ወረቀት፣ የማይቀደድ መዝገብ

ጸሐፊ የሆንኩበት የደሴ ሆጤ ሰፈር ቅሬ፣ ማለትም ዕድራችን፣ ዘንድሮ ረዳት ጸሐፊ መረጠልኝ። ወጣት ናት፤ የሒሳብ አያያዝ ተምራለች፤ እጇም ፈጣን ነው። አንድ ማታ መጣችና፣ «ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ የልጆቹ፣ የቅሬው ጉዳይ ሁሉ እየተደባለቀብኝ እንቅልፍ አጣሁ። ስልኬ ላይ እየመዘገብኩም አልቀለለኝም። እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ከአምና ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ተደርድሯል፦ «ሲም ካርድ»፣ «ድንኳን»፣ «እማማ»። «እማማ ምን?» ብላት ሳቀች። እሷም ረስታዋለች።

ስልክ ምንም አይረሳም ብለው ያወድሱታል። እኔ የምነቅፈው በዚሁ ነው።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ውስጥ በንብረት ክፍል ነው። ሙያውን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ እዚያ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንደኛው ቢን ካርድ ነው። በሞዴል 19 የገባው፣ በሞዴል 22 የወጣው ሁሉ ይሰፍርበታል፤ አይፋቅም። ስህተት ከተገኘ አንድ መስመር ይሰመርበትና ጎኑ ላይ ይፈረማል፤ የተሰረዘው ቁጥር ግን መነበብ አለበት። ሁለተኛው ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ቁራጭ ነው፦ ዛሬ የትኛው መኪና ይራገፋል፣ ማን ዕቃ ሊጠይቅ ይመጣል። ማታ ተቀዶ ይጣላል። አዲስ ገቢ ሁልጊዜ ሁለቱን ያምታታል፤ ቢን ካርዱን በእርሳስ ይሞላል፣ ቁራጩን ደግሞ ፋይል ያደርጋል። ጭንቅላትን የሚያጨናንቀውም ይኸው ነው ባይ ነኝ። ማታ መቀደድ የነበረበትን ለዘላለም ተሸክመን እንዞራለን፣ ተጽፎ መቀመጥ የነበረበትን ደግሞ በቃል እንይዛለን።

ስለዚህ ለልጅቷ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገልብጪ። ከእራት በኋላ የዛሬውን ቁራጭ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የነገውን በእጄ እጽፋለሁ። ያለቀው አይገለበጥም። ያላለቀው ይገለበጣል፤ መገልበጥ ግን ይሰለቻል፤ መድኃኒቱም መሰልቸቱ ነው። «ሸዋ በር ሄዶ የቆርቆሮ ዋጋ መጠየቅ» የምትል መስመር ማታ ማታ ስጽፍ ከሰነበትኩ እጄ ራሱ ያማርራል። ወይ ጠዋት ተነስቼ እጠይቃለሁ፣ ወይ ጣሪያው ዘንድሮም እንዳለ ይክረም ብዬ እተወዋለሁ። ሁለቱም መገላገል ነው። ስልኩ ግን ያላለቀውን ያለ ማንም ድካም ወደ ነገ ያሻግረዋል፤ አምናም፣ ካቻምናም የተተወ ሥራ ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ይጠይቅሃል። ደግሞ «ድንኳን» ተብሎ አይጻፍም። «ድንኳኑን የተዋሱት ቤት ሄዶ የተቀደደውን ማየት» ተብሎ ይጻፋል። በድርጊት ያልተጻፈ ሥራ ሌሊት ይቀሰቅሳል።

ይህን ከራሴ ብቻ አላመጣሁትም። ማይክል ስከሊን የተባለ የእንቅልፍ ተመራማሪ አሜሪካ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ያደረገው ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 57 ወጣቶች ከመኝታቸው በፊት 5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ወደፊት የሚሠሩትን፣ ከፊሎቹ ሠርተው የጨረሱትን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከእነሱም ውስጥ በደንብ ዘርዝረው የጻፉት ይበልጥ ፈጠኑ። ለባለቤቴ ብነግራት፣ «ይህን ለማወቅ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ማስተኛት ነበረባቸው?» አለችኝ።

የማይቀደደውን በተመለከተ ወሎ ከማንም አይማርም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። አባቶች የርስቱንም የስጦታውንም ነገር በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረው ብራና ቸግሯቸው ብቻ አይደለም። ወንጌል አይጣልም፤ በላዩ ያለውን ለመፋቅም እጅ ይፈራል። የንብረት ክፍል ሰው ብሆንም ከዚያ የተሻለ የመዝገብ አጠባበቅ አላየሁም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ ሰፈሩ ተበተነ። ከቤት ይዤ ከወጣሁት አንዱ የቅሬው መዝገብ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ቁራጭ ወረቀት መጻፍ አቆምኩ፤ ለነገ የማስበው ሥራ አልነበረኝም። መዝገቡን ግን ባረፍኩበት ቤት ማታ ማታ እገልጠው ነበር። ስም አነባለሁ፤ ቤቱን፣ በሩን፣ ለቅሶ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ አስባለሁ፤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከዚያ በፊት መዝገቡ ለእኔ የወርሃዊ መዋጮ ማረጋገጫ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ተመለስን። በእያንዳንዱ ስም ጎን መጻፍ ጀመርኩ፦ «ደብረ ብርሃን»፣ «አዲስ አበባ፣ እህቷ ዘንድ»፣ «ከቤቱ አልወጣም»፣ «አልታወቀም»። ጥቂቶቹ ጎን «ለቅሶ ያልተደረሰ» የሚል አለ። በዚያ ጊዜ ሞተው ቅሬው ያልቀበራቸው ናቸው። መዝገቡን ይዘን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት በየተራ ሄደን ተቀመጥን። በየቤቱ ስንጨርስ ቀኑን ጻፍኩ እንጂ የቀድሞውን ጽሑፍ አልሰረዝኩም።

ረዳቴ መዝገብ ይቃጠላል፣ ውሃ ይገባዋል ትላለች። እውነቷን ነው፤ በስልኳ ፎቶ ታንሳው፤ ለዚያ ስልክ ደግ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ የቅሬ ጸሐፊዎች፣ የዕለት ወረቀታችሁን ማታ ቅደዱ። የ2014ን መዝገብ ግን አዲስ ደብተር ተገዛ ብላችሁ አታቃጥሉት፤ ለሚቀጥለው ጸሐፊ አስፈርማችሁ አስረክቡት።