ስለ ሙያ ሥልጠና በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፤ አጭር ትችት

ስለ ሙያ ትምህርት ጥቅም ብዙ ተነግሯል። ጥቅሙን የሚክድ ሰው ስለ ሌለ፣ ያንኑ መድገም የአንባቢን ጊዜ ማባከን ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላ ነው። ይኸውም፣ በወረቀት ላይ የተደነገገው የሙያ ሥልጠና ደንብ ከሰሜን ሸዋ አገር አቀማመጥና ኑሮ ጋር ምን ያህል ይስማማል የሚለውን ጥያቄ በሦስት ምሳሌዎች መመርመር ነው። እነርሱም የኮምፒዩተር ኔትወርክ፣ የነርስነትና ለሥራ የሚያዘጋጀው ትምህርት ናቸው። ለመመርመሪያ የተመረጡት ቦታዎች ደግሞ ደብረ ብርሃንና ከርሷ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ናቸው።

ነገሩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለብዙዎቹ የሙያ ሥልጠና የጓሮ በር ሳይሆን ዋናው በር ነው። ስለዚህ በሩ የሚያደርሰው ወዴት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

የአንኮበር ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለ ሙያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደ ነበረና የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ እንደ ቆመ የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያነሡት ያለፈውን ትውልድ ለመውቀስ ነው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው ሲመጣ መሣሪያውን የሚያውቅና የሚጠግን የአገር ልጅ አብሮ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ወፍጮው እንግዳ ሆኖ መጣ፤ እንግዳ ሆኖም ቀረ። በኋላም አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መናቅ ስለ በዛ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ፤ ሙያን ከቢሮ ወንበር ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ግን ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

አሁን ወደ ደንቡ እንለፍ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቀው ተማሪው ስንት ዓመት ተማረ ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምን መሥራት ይችላል ተብሎ ይጠየቃል። ሙያው በደረጃ ተከፈለ፤ የእያንዳንዱ ሥራ መለኪያ ተጻፈ፤ የብቃት ምዘናም ተደነገገ። ከሥልጠናውም 70 በመቶው በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታሰበ፤ ሠልጣኙም ከድርጅቶች ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና በእውነተኛ የሥራ ቦታ እንዲለማመድ ተወሰነ።

ነቀፌታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሳቡ ከጀርመን አገር ልምድ ብዙ ወስዷል። በጀርመን ግን ሠልጣኙ አስቀድሞ ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ይዋዋላል፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በድርጅቱ ይሠራል፤ የቀረውን ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ድርጅቱም አበል ይከፍለዋል። የንግድና የእደ ጥበብ ምክር ቤቶች ደግሞ ውሉን ይመዘግባሉ፤ ፈተናውንም ይፈትናሉ። እኛ የወሰድነው መቶኛውን ነው፤ መቶኛውን የሚሸከመውን ምሰሶ ግን ገና አልተከልንም።

በደብረ ብርሃን ጉድለቱ ብዙ አይታይ ይሆናል። ከተማዋ ከቀድሞ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት፤ የቢራ ፋብሪካዎችም ተተክለውባታል፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞላታል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ተለማማጅ የሚልክ ተቋም ቢያንስ የሚያንኳኳው በር አያጣም። ወደ አንኮበር ሲወረድ ግን ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጥቂት ሱቆች ናቸው። በአንድ ደንብ ሁለቱን ቦታዎች መለካት ፍትሕ ቢመስልም ፍትሕ አይደለም።

በመጀመሪያ ኔትወርክን እንመልከት። ሠልጣኙ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ቅደም ተከተል አሰልፎ ጫፋቸውን መግጠም፣ አንዱ የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ፣ ኮምፒዩተሮችንም ማገናኘት ይማራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ እጅ እንጂ ዐይን አይማረውም። አንድ ጊዜ በጎበኘሁት ማሠልጠኛ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች አንድ የገመድ መግጠሚያ ጉጠት ከብበው አይቻለሁ፤ ከፊት የቆሙት ሠሩ፤ ከኋላ ያሉት ጻፉ። ደግሞም በገጠር ወረዳ ኮምፒዩተር የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የመብራት መቆራረጥ፣ መብረቅና አቧራ ስለ ሆነ፣ ሠልጣኙ ስለ መሬት ሽቦ፣ ስለ ባትሪና ስለ ፀሐይ ኀይል አጥብቆ ሊማር ይገባዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ብቻ የሚመስለው ባለ ሙያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በርስ ማገናኘት የሚያውቅ ግን የጤና ጣቢያውን መዝገብና የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ያለ ኢንተርኔትም ሊያዳርስ ይችላል።

የነርስነቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ እዚህ የሚበላሸው ዕቃ አይደለምና። የአንኮበር ወረዳ ከብርዳማው ደጋ ተነሥቶ እስከ አፋር ቆላ ጠርዝ ይወርዳል። በደጋው ሳንባ ምችና በእሳት የተቃጠለ ሕፃን ይመጣል፤ በቆላው ደግሞ ወባ አለ። በደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ብቻ የተለማመደ ነርስ ወባን ከመጽሐፍ እንጂ ከሕመምተኛ ብዙም አያውቀውም። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በአገራችን አለ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የጤና ጥበቃ ሠራተኛውን በአንድ ቡድን አድርጎ በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ በሽታውን በሚኖርበት አገር አዩት። ያ መንገድ ዛሬም አላረጀም።

ሦስተኛው፣ ለሥራ የሚያዘጋጀው ትምህርት ነው። ካይዘን፣ ሥራ ፈጠራና የማመልከቻ አጻጻፍ ይሰጣል። እነዚህ አይጠሉም። ነገር ግን በአንኮበር ለሚኖር ወጣት ማመልከቻ አጻጻፍ ከማስተማር በፊት ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍ ማወቅ ይቀድማል። ዋጋ አወጣጥ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ከደንበኛ ጋር ውል አጻጻፍ፣ ለሠራው ሥራ ኀላፊነት መውሰድ፤ እነዚህ የትምህርቱ እምብርት መሆን ሲገባቸው ጫፍ ላይ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ሁሉም ደብረ ብርሃን መጥቶ ቢማርስ?» ይል ይሆናል። የቤት ኪራይ፣ ቀለብና መጓጓዣ የሚከፍለው ማን ነው? ገበሬው አባት ከሁለት ልጆቹ አንዱን ብቻ መላክ ሲችል፣ ብዙ ጊዜ እቤት የምትቀረው ሴት ልጁ ናት። ሌላው ደግሞ፣ «መለኪያው በየወረዳው ከተለያየ ብቃት ይወርዳል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም መለኪያው ይለያይ አልልም። መለኪያው አንድ ይሁን፤ የመለማመጃው ቦታና መንገድ ግን የአገሩን ጠባይ ይከተል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይጠቅማል እላለሁ። አንደኛ፣ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት የመለማመጃ ቦታ ይቈጠር፤ የተማሪውም ብዛት በቦታው ልክ ይወሰን። ሁለተኛ፣ የነርስነት ሠልጣኞች በደጋም በቆላም ጤና ጣቢያ በየተራ ይመደቡ፤ ማደሪያና ቀለብም ይታሰብላቸው። ሦስተኛ፣ የኔትወርክ ሠልጣኞች የትምህርት ቤቶችንና የጤና ጣቢያዎችን መሣሪያ በአሠልጣኝ ተቈጣጣሪነት ይጠግኑ። በዚህ አኳኋን አንኮበር ፋብሪካ ባይኖራትም የመለማመጃ ቦታ ታገኛለች።

ሙያ በልብ ነው ይላል የአገራችን ሰው። የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እጁ ያልሠራውን ወረቀቱ አይሠራለትም። ያ የውሃ ወፍጮ የቆመው ውሃ አጥቶ አልነበረም። ዛሬ የምንተክላቸው ኮምፒዩተሮችና የሕክምና መሣሪያዎችም ባለቤት የሚሆናቸውን የአገር ልጅ ካላገኙ ዕጣቸው ከወፍጮው የተለየ አይሆንም።