«ስለ» የምትለው ቃልና የጥገኝነት ማመልከቻ ትርጉም

በእንግሊዝኛ ምክንያት እንዴት እንደሚገለጽ በትምህርት ቤት የተማርነው ጥቂት ነው። «ቢኮዝ» ዐረፍተ ነገርን፣ «ቢኮዝ ኦቭ» ስምን ያስከትላል፤ «ሲንስ» ጊዜንም ምክንያትንም ያመለክታል ተባልን፤ ባዶ ቦታ ሞልተን ማርክ አገኘን (የዚህ ጸሐፊ ማርክ መካከለኛ ነበር)። በሳን ሆዜና በኦክላንድ ግን ይኸው የሰዋስው ምዕራፍ የሰው ዕጣ የሚወሰንበት ሆኗል። አይ-589 የተባለው የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጽ በደል ደርሶብኛል የሚለውን ሰው ምን እንደ ደረሰበት፣ መቼ እንደ ደረሰበት፣ ማን እንዳደረሰበት ከጠየቀ በኋላ፣ ለምን እንደ ደረሰበት ይጠይቃል። የወገኖቻችንን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ሥራ መተቸት ያለበት በዚህች በአራተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው።

አማርኛ ምክንያትን ስሙን ሳይጠራ ይናገራል። «ስብሰባ ሄዶ ታሰረ» ስንል «ሄዶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ በግልጽ የሚያሳየው ቅደም ተከተልን ብቻ ነው፤ የታሰረው በመሄዱ መሆኑን ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል። ተርጓሚው በ«ኤንድ» ሲያያይዘው ሁለት ድርጊቶች ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እርግጥ እንግሊዝኛም በተራ ጨዋታ እንዲህ ያለውን ለሰሚ ይተዋል፤ ለውሳኔ በሚቀርብ ጽሑፍ ላይ ግን ያልተጻፈ ምክንያት እንደሌለ ሊቈጠር ይችላል።

«ስለ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። «ስለ ድርጅቱ ተመረመረ» ሲባል የምርመራው ርእስ ድርጅቱ ነበር ማለት ነው ወይስ ሰውየው የተመረመረው በድርጅቱ ሳቢያ ነው? እንግሊዝኛ አንዱን «አባውት»፣ ሌላውን «ቢኮዝ ኦቭ» ብሎ ይለያቸዋል። «ስለ ሃይማኖቱ ሞተ» ላይ ሦስተኛ ትርጉም ይጨመራል፤ ለሃይማኖቱ ሲል ማለት ነው። ይህ ግን የሟቹን ሐሳብ እንጂ የገዳዩን አይናገርም።

ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ የበዳዩን ሐሳብ ነው። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት «ፎር ሪዝንስ ኦቭ» ያለውን የአሜሪካ የ1980 የስደተኞች ሕግ «ኦን አካውንት ኦቭ» አለው፤ ማሳደዱ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ሳቢያ መሆን አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1992 በጓቲማላዊው በኤልያስ ሳካሪያስ ጉዳይ ይህችን ሐረግ ሲፈታ፣ ቁም ነገሩ የተበዳዩ የፖለቲካ አመለካከት እንጂ የበዳዩ አይደለም፤ በዳዩ በዚያ መነሣሣቱም በቀጥታም ሆነ በአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ይታይ አለ። በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ ደግሞ ከዋነኞቹ ምክንያቶች ቢያንስ አንዱ እንዲሆን ደነገገ።

ይህን የሰማ አንዳንድ ተርጓሚ በየአንቀጹ «በፖለቲካ አመለካከቴ ምክንያት» የሚል ሐረግ ይሰካል። በበኩሌ ይህን ከፊተኛው ጉድለት የባሰ አድርጌ አየዋለሁ። ባለጉዳዩ በቃለ መጠይቁ ላይ በራሱ አፍ የሚናገረው ያንኑ «ሄጄ ታሰርሁ» የሚለውን ነውና፣ ጽሑፉና ቃሉ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ውሸታም የሚባለው ተርጓሚው አይደለም። ይልቅስ ባለጉዳዩን በአማርኛ መልሶ መጠየቅ ይገባል፤ ሲይዙህ ምን አሉህ? የማንን ስም ጠሩ? አብረውህ ከተያዙት ማን ተለቀቀ? መልሱ «የማን ወገን ነህ እያሉ ነው የመቱኝ» ከሆነ፣ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ፤ «ቢኮዝ» ባትጨመርበትም ምክንያቱን የተናገረው ራሱ መቺው ነው።