የማን ቀጠሮ?

አንድ ወዳጄ ለ10 ሰዓት ቀጥሮኝ 11 ሰዓት ከሩብ ሲል እየሳቀ መጣ። ይቅርታ እንኳ አላለም። «የሐበሻ ቀጠሮ ነዋ! ካያት ከቅድመ አያት የወረስነው፤ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ሁለተኛ ቡናዬን ጨርሻለሁ። የከነከነኝ ግን የባከነው ሰዓት አይደለም። አያቶቹን ለምን ያማል? የዚህ ሰውዬ አያቶች እኮ የመንዝ ገበሬዎች ናቸው!

መንዝን የሚያውቅ ሰው ጓሳን ያውቃል። በመሐል ሜዳ በኩል፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውልበት ብርዳም ደጋ ነው። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ይህን ሣር የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። (ስሙ የቅርብ ጊዜውን ፖለቲካ እንዳያስታውሳችሁ፤ ይኼኛው ሌላ ነው።) ዶክተር ዘላለም ተፈራ ሥርዓቱን በሰፊው አጥንተውታል። ሜዳው ለአስቦና ለገራ ወገን በሁለት ተከፍሎ፣ ሹም ተመርጦለት ይዘጋል። ለስንት ጊዜ መሰላችሁ? ለሳምንት አይደለም፤ ለወርም አይደለም። ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት! ሣሩ ደርሷል ተብሎ ቀኑ እስኪነገር ማጭድ የሚያሳርፍበት የለም።

እስቲ አስቡት። ጣሪያው የሚያፈስበት አባወራ ዘንድሮ ሳይሆን፣ ከርሞም ሳይሆን፣ ከከርሞ ወዲያ የሚታጨደውን ሣር እያየ ይጠብቃል። ልጁ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ የተዘጋው ሜዳ፣ ያው ልጅ በግ ጠባቂ ሲሆን ይከፈታል። ታዲያ ጊዜ የማያውቀው ይህ ሰው ነው? በመክፈቻው ቀን አርፍዶ የሚመጣ ሰው የነበረም አይመስለኝም።

ሰዓት በክንዱ ላላሰረ ሰው የሚያስቀና ቆጠራ ነበረው። በጾም ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በጫማው ይለካል። ዓመቱን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ በስሙ ይጠራዋል። ብድሩን «ለሚካኤል እመልሳለሁ» ካለ 12ኛው ቀን ነው፤ 13 አይደለም። ግሼም ውጡ፣ መርሐቤቴም ውረዱ፣ ያው ነው። ማኅበር ተራው ደርሶት «የሐበሻ ቀጠሮ ነው፣ ጠላው ገና ነው፣ ነገ ኑ» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ቄሮ ቅዱስ ነበር አልልም። መብቱ ከአስቦና ከገራ ለሚወለዱት እንጂ ለሌላው አልነበረም፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ታወጀና ቀረ። መሬት አጥቶ ለኖረው አዋጁ ፍትሕ ነበር፤ ይህን የምክድበት አፍ የለኝም። ዳሩ ግን መብቱ ሲሰፋ መጠበቁ አብሮ ተጣለ። ዛሬ ያየውን ዛሬውኑ የሚያጭድ በዛና ሜዳው ተጎዳ። ደግነቱ ያገሩ ሰው እንደገና ደንብ አውጥቶ ተነሣ፤ ዛሬ ጓሳ የሚጠበቀው በማኅበረሰቡ ነው።

ማርፈዳችንን ያወረሱን አያቶቻችን ናቸው ማለት እንግዲህ ስም ማጥፋት ነው። ማርፈዱ የኛው ነው፤ እዚሁ አስፋልት ላይ የበቀለ። እኔም ብሆን ያው ነኝ። ስልኬ ሰከንዱን ሳይቀር ይነግረኛል፤ ያለፈው የካቲት በምን አለፈ ብትሉኝ ግን የደመወዝ ቀንና የቤት ኪራይ ቀን እንጂ ሌላ ትዝ አይለኝም። አንድ ወር ሙሉ! ያ ገበሬ የልጁን ዕድሜ ሲጠየቅ «ጓሳ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት ነው የተወለደው» ማለት ይችል ነበር። እኔ የልጄን ዕድሜ የማሰላው ትምህርት ቤት በከፈልኩበት ደረሰኝ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ አልነገርኩትም። «ቀኑ እንዴት እንደሚሮጥ አይተሃል?» አለኝ ደግሞ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያስጠበቀኝ እሱ!

«ያያትህ ቤት በምን ነበር የተከደነው?» አልኩት።

«በጓሳ መሰለኝ። ምነው?»

«ሣሩን ስንት ዓመት ጠብቀው እንዳመጡት ታውቃለህ?»

ስልኩን አየና ብድግ አለ። «በል ልሩጥ፤ ለ12 ሰዓት የቀጠርኩት ሰው አለ» አለኝ። 12 ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።