ልኩ ያልሆነ ቀለበት፦ የ«ዶክተር ሁ» መሪ ተዋናይ ሲለወጥ ጥርጣሬው የማን ነው?

የተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ ሲለወጥ የሚነሣውን የአድናቂ ቁጣ ሐያሲ እንደ ዳር ወሬ ያልፈዋል። ለመዝናኛ ዓምድ ይተወዋል፤ ቢከበር ቢከበር ለሶሲዮሎጂ። የቢቢሲው ሳይንሳዊ ልቦለድ «ዶክተር ሁ» ግን ይህን ቁጣ ወደ ድርሰቱ አስገብቶታል። ከ1966 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የተመልካቹን ጥርጣሬ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሰጥቶ ሲያናግረው ኖሯል። ስለዚህ የአንድ አዲስ ዶክተር መክፈቻ ታሪክ በእኔ ሚዛን የሚለካው ለተጠራጣሪው ምን ያህል ቦታ እንደሰጠና በምን እንደረታው ነው። የተዋናዩ ብቃት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ልማዱን የወለደው ችግር ነው። ድራማው በኖቬምበር 1963 ሲጀምር በጊዜና በጠፈር የሚጓዘውን ቁጡ አዛውንት የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ነበር። በ1966 ጤናው ታወከ፤ ቃለ ተውኔት ማስታወስም ያስቸግረው ጀመር። ሌላ ድራማ ቢሆን መልኩ የተቀራረበ ተተኪ ተፈልጎ ተመልካቹ እንዳላየ ሆኖ እንዲያልፍ ይለመን ነበር። ፕሮዲውሰሩ ኢነስ ሎይድና ባልደረቦቹ የመረጡት ግን ለውጡን ፊት ለፊት ማሳየት ነው። ዶክተሩ የሰው ዘር አይደለምና አካሉ ይታደስ አሉ። ኦክቶበር 29 ሃርትኔል ወለል ላይ ወደቀ፤ በቦታው የታየው አጠር ያለውና ቀልደኛው ፓትሪክ ትራውተን ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ መታደስ ድራማው ዛሬ የሚጠራበትን ስም እንኳ ያወጣለት በ1974 ነው።

በሳምንቱ የጀመረው «የዳሌኮች ኃይል» የዚህ ሁሉ አብነት ነው። ከዶክተሩ ጋር የሚጓዙት ሁለት ወጣቶች ፖሊና ቤን እንደ ሁለት የተመልካች ወገን ተከፍለዋል፤ እሷ ለማመን ታዘነብላለች፣ እሱ አጭበርባሪ ነህ ብሎ ይሟገታል። ቤን ማስረጃ ይጠይቃል። የአሮጌው ዶክተር ቀለበት ለአዲሱ ጣት ልክ ሳይሆን ይቀራል። ሰውየው ደግሞ ሙግቱን የማሸነፍ ፍላጎት የለውም፤ ሣጥን እየበረበረ ዋሽንቱን ይነፋል፤ ስለ ዶክተሩ ሲናገር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ጸሐፊው ዴቪድ ዊታከር ለተጠራጣሪው ሙሉ መብት ሰጥቶታል። እንዲያውም ቤን ትክክል ነው፤ በዓይን ከሚታየው ማስረጃ ሁሉ አንዱም ለሰውየው አይመሰክርለትም።

ምስክርነቱ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። ታሪኩ በሚካሄድበት ሰፈራ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘው ዳሌክ፣ የዶክተሩ የቆየ ጠላት፣ ሰውየው ወደ ክፍሉ ሲገባ ዓይኑን አዙሮ ይከተለዋል። ያውቀዋል። ወዳጅ የተጠራጠረውን ጠላት አወቀው። በማንኛውም ሙግት የባላንጣ ቃል ከወዳጅ ቃል ይልቅ ይታመናልና የቤን ክርክር እዚህ ላይ ይላላል። ማንም አልገሠጸውም፣ ይቅርታ ጠይቅም አላለውም። በስድሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ከተሠሩት የመክፈቻ ታሪኮች መካከል ይህን የሚያህል ንጹሕ መፍትሔ አላውቅም።

የሚያስቆጨው ስድስቱም ክፍሎች ከቢቢሲ ማኅደር መጥፋታቸው ነው። ድምፁ ግን አለ፤ ያተረፉት ደግሞ በየቤታቸው ከቴሌቪዥናቸው ላይ በቴፕ የቀዱ አድናቂዎች ናቸው። በ2016 ታሪኩ በአኒሜሽን ተሠርቶ ሲወጣ የቆመው በዚያ ድምፅ ላይ ነበር። ጣቢያው የጣለውን አድናቂው አስቀመጠ።

ጆን ታሎክ ከሄንሪ ጄንኪንስ ጋር በ1995 ባሳተመው ጥናት የዚህን ድራማ አድናቂዎች ሥልጣን አልባ ልሂቃን ብሏቸዋል። ሁሉን ያውቃሉ፣ ምንም አይወስኑም ማለቱ ነው። ለ1980ዎቹ ይህ በልክ የተሰፋ አባባል ነበር። በ1984 ኮሊን ቤከር ሲገባ አዲሱ ዶክተር በመጀመሪያ ታሪኩ የጉዞ ጓደኛውን አንገት ሊያንቅ ይሞክራል። እዚህ ጥርጣሬ የለም፣ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ተጠራጣሪዋ እንድትከራከር ሳይሆን እንድትሸሽ ተደርጋለች። በ1986 ክሪስ ቺብናል የተባለ ወጣት አድናቂ በቢቢሲ የቀጥታ ፕሮግራም ቀርቦ የዚያን ዘመን ድርሰት በጸሐፊዎቹ ፊት ተቸ። ያው ቺብናል በኋላ የድራማው የበላይ ኃላፊ ሆኖ በ2017 ጆዲ ዊቴከርን የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር አድርጎ መረጠ። ከእሱ በፊት የነበሩት ራስል ዴቪስና ስቲቨን ሞፋትም ከልጅነታቸው አድናቂዎች ናቸው። ታሎክ ሥልጣን አልባ ያላቸው ሰዎች ወንበሩን ይዘዋል ማለት ነው።

ወንበሩ ሲያዝ ለተጠራጣሪው የነበረው ትዕግሥት መቀነሱ ይገርማል። በ2014 ፒተር ካፓልዲ ሲገባ ሞፋት የጉዞ ጓደኛውን ክላራን የቤን ቦታ ላይ ያቆማታል። ነገር ግን የዶክተሩ ወዳጅ ማዳም ቫስትራ በዓይነ ርግብ ተሸፍና ለፊት መልክ ትጨነቂያለሽ ብላ ታፋጥጣታለች፤ ወጣት ተመልካቾች በሽበታሙ ተዋናይ ላይ ያጉረመረሙትን በክላራ በኩል መገሠጽ ነው። በመጨረሻ የቀድሞው ዶክተር ማት ስሚዝ በስልክ ደውሎ እርዳታሽ ያስፈልገዋል ይላታል። ትዕይንቱ ያስለቅሳል፣ አልክደውም። ግን አዲሱን ያጸደቀው አሮጌው ራሱ ነው፤ ከውርስ ቃል የተለየ ማስረጃ አልቀረበም። ካፓልዲን የሚያህል ተዋናይ ይህን ድጋፍ የሚያሻው አልነበረም።

በዊቴከር ጊዜ ክርክሩ በአብዛኛው ከድራማው ውጭ ነበር። የቀድሞው ዶክተር ፒተር ዴቪሰን ወንዶች ልጆች አርአያ ያጣሉ የሚል ስጋት ሲያሰማ ሌላው የቀድሞ ዶክተር ኮሊን ቤከር ተቃወመው። በራሱ በታሪኩ ውስጥ ግን አዳዲሶቹ ጓደኞቿ የቀድሞውን ዶክተር አያውቁትምና የሚያነጻጽሯት ከማንም ጋር አልነበረም።

ይህ መንገድ በ2023 ጫፍ ደረሰ። በሩዋንዳ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ ሲገባ ዶክተሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ተወዳጁ ዴቪድ ቴናንት ሳይጠፋ በአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ የአትክልት ስፍራ ማዕድ ላይ ቀረ፣ ጋትዋ በራሱ ታርዲስ፣ በጊዜ መጓጓዣው፣ ሄደ። ሐሳቡ ለሁለቱም ያዘነ ይመስላል። ለእኔ ግን ለጋትዋ የተደረገ ንፉግነት ነው። ከእሱ በፊት የነበረ ዶክተር ሁሉ የቀድሞውን ሞት ወርሶ ነው የጀመረው፤ ተመልካቹም ያጣውን እያሰበ አዲሱን መመዘን ነበረበት። ጋትዋ የወረሰው ሞት የለም። ማንም ስላልተጠራጠረው ማንንም አልረታም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተዋወቃት የጉዞ ጓደኛው ሩቢ ሰንዴይም ሌላ ዶክተር አይታ አታውቅም። በሜይ 2025 ሲሰናበት ደግሞ የተተካው ፊት የቢሊ ፓይፐር፣ ከ2005 ጀምሮ የጉዞ ጓደኛዋ ሮዝ ሆና በአድናቂው ልብ የገባችው ሴት ነው። ድራማው የማይታወቅ ሰው ይዞ መጥቶ የመሟገት ድፍረቱን ትቶ አስቀድሞ የተፈቀሩ ፊቶችን መልሶ መጥራት መርጧል።