ትንሿ ጣትና የዓይን ቆብ

ክንዱን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአንገት ኤምአርአይ ይዞ ነው፤ ውጤቱም «ዲስኩ ነርቭ ተጭኗል» ይላል። ፊልሙን ወዲያው አላየውም። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ምንም ሳያመው ዲስኩ ወጣ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ እንቅልፍ የነሳው እሱ ላይሆን ይችላል። «ጋሼ፣ ሕመሙ የት ድረስ እንደሚወርድ በጣትዎ ያሳዩኝ» እላለሁ።

አንገት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ነርቭ ነው። ሕመሙ ወደ አውራ ጣት፣ ወደ ጠቋሚው ወይም ወደ መሀል ጣት ይወርዳል። አንገትን ወደሚያመው ጎን አዘንብለው ወደ ኋላ ሲያቀኑት ይብሳል። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ የሚገባ በሽተኛም አለ፤ እንዲያ ሲያደርግ እንደሚቀልለው ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል።

የፊላዴልፊያው የራጅ ሐኪም ሄንሪ ፓንኮስት እ.ኤ.አ. በ1924 እና በ1932 የጻፈበት የሳንባ ጫፍ ዕጢ ግን የሚነካው ዝቅ ያሉትን ነርቮች ነው። ሕመሙ ከትከሻ ተነሥቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን ወደ ትንሿ ጣት ይዘልቃል። አንገት ቢዞርም ባይዞርም ያው ነው፤ ሌሊት አያስተኛም። ዕጢው ከትላልቆቹ የአየር ቧንቧዎች ርቆ ዳር ላይ ስለሚበቅል መጀመሪያ ላይ ሳል ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ደረቴ ደህና ነው» መባሉ አያረጋጋኝም፤ በተለይ የሚያጨስ ሰው ሲሆን።

ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በአውራና በጠቋሚ ጣት መካከል በእጅ ጀርባ በኩል ያለውን ሥጋ እዳብሳለሁ። አንዱ ጎድጎድ ብሎ ከሆነ ነርቩ ከተጎዳ ሰንብቷል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ክርን ላይ የተጫነ ነርቭም ያመነምነዋል። ቀጥዬ መብራቱን ቀነስ አድርጌ ዓይኑን አያለሁ። በደብዛዛ ብርሃን ጤነኛው ብሌን ሲሰፋ የታመመው ጎን ጠቦ ይቀራል፤ ቆቡም ትንሽ ወረድ ይላል። ዕጢው ወደ ዓይን የሚወጣውን የነርቭ መስመር ሲነካ የሚመጣ ምልክት ነው። ቤተሰብ «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የሳንባን ጫፍ አጥንት ስለሚሸፍነው ዕጢው ከተራ የደረት ራጅ ሊያመልጥ ይችላል። ጥላ ቢታይም እኛ አገር የሚታሰበው መጀመሪያ ቲቢ ነው፤ እሱም ያንኑ ጫፍ ይወዳል። በአክታ ምርመራ ያልተረጋገጠ ቲቢ ከትንሿ ጣት ሕመም ጋር ሲመጣ፣ መድኃኒት ተጀምሮ ወራት እስኪያልፉ መጠበቅ አልስማማበትም። ሲቲ ስካን አዝዛለሁ። የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይም «የክንድ ሕመም» ብዬ አልተውም፦ «የትንሿ ጣት ሕመም፣ የቀኝ ዓይን ቆብ ወርዷል፣ የቀኝ ሳንባ ጫፍ ይታይልኝ።»